አበጋሩን ወገን አስያዙት

አባቴ አበጋር ነው። በእኛ አገር አበጋር ማለት ደም የሚያደርቅ ሰው ነው። ሰው ተገድሎ ሁለት ቤተሰብ ሲፋጠጥ መሃል ይገባል፤ ገዳዩን ከሟቹ ወገን ፊት አቁሞ እርቅ እስኪወርድ ድረስ አርፎ አይተኛም። ከአምባሰል ደጋ የሚወርደው ክርስቲያንም፣ ሐይቁ ዳር የሚያርሰው ሙስሊምም ሲጣላ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነበር። አያቴም ይህንኑ ሲሠራ ኖሮ ነው ያለፈው። ልጅ ሆኜ አባቴን ሳስበው ሁልጊዜ የሚታየኝ ዓይን ለዓይን በማይተያዩ ሁለት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ነው። ካስታረቀ በኋላ እናቴ "ለመሆኑ አጥፊው ማን ነበር?" ብላ ስትጠይቀው አይመልስላትም። "አበጋር ጆሮ እንጂ ወገን የለውም" ይላታል፤ እሷም ትስቃለች።

ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኖች ናቸው። ከአምባሰል ወርደው ሐይቅ ከተማ የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። በሁለታችን ግቢ መካከል ያለው የቅንጭብ አጥር ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው፤ ከእነሱ ቤት ወደ እኛ ቤት በዋናው በር ዞሮ የመጣ ሰው አላስታውስም። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ ገና በአራስነቷ ሞተባት። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ወንድ ልጅ ተገላግላ በትኩሳት ወድቃ ነበር። ጡቷ ደርቆ ልጁ ሲያለቅስ በአጥሩ በኩል ይሰማል። እናቴ አንድ ቀን በክፍተቱ ገብታ ልጁን ታቅፋ መጣችና ሐዘኗን እያለቀሰች አጠባችው። እናቱ ድና እስክትነሣ ድረስ ያ ልጅ የእናቴ ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልቀረም። በእኛ በእስልምናው የጡት ልጅ ከሥጋ ልጅ አይለይም። አባቴን "አባባ" እያለ አደገ። እኔ በጀርባዬ አዝዬዋለሁ። በፋሲካ እናቱ ለእኛ የምትሠራውን ዶሮ በክፍተቱ ትልክና አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ያርድላታል፤ እንድንበላላት ነው።

ጂዳ ሄጄ ብዙ ዘመን ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ እናቴ አፈር ለብሳ ነበር የጠበቀችኝ። መናኸሪያው ላይ የተቀበለኝ የጡት ወንድሜ ነው። ባጃጅ ገዝቶ ይነዳ ነበር። ሻንጣዬን ጭኖ፣ ቤት እስክንደርስ የእናቴን ነገር ሳያነሣ፣ በሩ ላይ ሲያወርደኝ ብቻ "እታለሜ፣ አብሽሪ፤ እኔ አለሁልሽ" አለኝ። የሥጋ ወንድም ከዚህ በላይ አይልም።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲቃረብ ከተማው ወደ ደሴ ፈለሰ። ፍራሽ በአህያ የጫነ፣ ልጅ ያዘለ፣ ፍየል የሚጎትት አስፋልቱን ሞላው። አባቴ አልሄድም አለ። "የሚሞተውን ማን ይቀብረዋል?" አለኝ። እሱን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። ጎረቤታችን ጉልበቷ ስለማይራመድላት ቀረች፤ ልጇም እሷን ትቶ መሄድ አልቻለም። እንዲህ ነው የቀረነው። ጀግና ሆነንም፣ ነገር ዶልተንም አይደለም።

ታጣቂዎቹ የገቡ ሰሞን ወጣት ወንድ ያሉትን ሁሉ ከየቤቱ እየለቀሙ ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አጎሩ። የጡት ወንድሜንም ወሰዱት። እናቱ በአጥሩ ክፍተት እየተንፏቀቀች መጣችና የአባቴን እግር ያዘች። "አበጋሩ፣ ልጅዎን ወሰዱት" አለች። "ልጄን" አላለችም። ይህን ቃል በደንብ አስታውሰዋለሁ።

አባቴ ንጹሕ ሽርጥ ቀየረ፣ ጥምጣሙን አሰረ፣ ጋቢውን ደርቦ ከዘራውን ያዘ። ሊያስታርቅ ሲሄድ እንደሚለብሰው ማለት ነው። እኔም ተከተልኩት። መጋዘኑ በር ላይ ጠባቂው "ይሂዱ፣ አዛውንት" አለው። አባቴ "እሺ ልጄ" አለና በሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ጠባቂው ሁለተኛ ተናገረው። አባቴ ሁለተኛ "እሺ" አለው። አልተነሣም። ረፋዱ አልፎ ቀትር ሲሆን አዛዣቸው ወጣ፤ ወጣት ነው፣ ከጡት ወንድሜ በዕድሜ እምብዛም አይበልጥም።

"ልጄ፣ የዝሁር ሰላት ደርሶብኛል። ውዱ የማደርግበት ውሃ ትሰጠኛለህ?" አለው አባቴ።

ሰውዬው ትንሽ አመነታና ራሱ ገብቶ በጀሪካን ውሃ ይዞ መጣ። አባቴ ታጠበ፣ ጋቢውን አንጥፎ ሰገደ። ሰውዬው አልሄደም፤ ቆሞ ያየው ነበር።

"ጨረሱ አባቴ?"

"ሰላቴን ጨርሻለሁ። እንግድነቴን ግን ገና ነኝ።"

"የምን እንግድነት?"

"ውሃህን ተቀብያለሁ። በእኛ አገር ውሃ የሰጡት ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አዝኖ አይሸኝም።"

ሰውዬው ሳቀ። መሳቅ ያልፈለገ ሰው ሳቅ ነበር። "ምን ፈለጉ?"

"ልጆቼን።"

"የትኞቹ ናቸው ልጆችዎ?"

"ሁሉም።"

"ሁሉም አይሆንም። የሚያውቋቸውን ይጥሩ፤ የጠሩትን አወጣልዎታለሁ።"

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። ከዚያ የጡት ወንድሜን ስም ጠራ። ከእሱ አስከትሎ የሰፈራችንን ልጆች፣ አባቶቻቸውን የሚያውቃቸውን እየጠራ ሄደ። ስም ሲያልቅበት "የቀሩትንም" አለ። አዛዡ ራሱን ነቀነቀ። የተጠሩት እየተንገዳገዱ ወጡ። የጡት ወንድሜ አባቴ ጉልበት ላይ ወድቆ "አባባ፣ አባባ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። አባቴ ለአዛዡ እጁን ዘረጋለትና ተጨባበጡ። "ለእናትህ በሰላም ያግባህ" ብሎም መረቀው። ሰውዬው "አሜን" አለ። በየበሩ ስንጥቅ የሚያየን ዓይን ብዙ ነበር።

ታጣቂዎቹ ለቅቀው ሲወጡ መጋዘን የቀሩትን ልጆች በመኪና ጭነዋቸው ሄዱ። የአንዳንዶቹ አስከሬን በኋላ ተገኘ። የአንዳንዶቹ ወሬያቸው እስከ ዛሬ የለም።

የሸሸው ሕዝብ ሲመለስ መጀመሪያ የነበረው መተቃቀፍ ነው። በራቸው ተሰብሮ ቤታቸው ተዘርፎ ያገኙ ሰዎች እንኳ አባቴን እየሳሙ "አልሐምዱሊላህ"፣ "እግዜር ይመስገን" ይሉ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ቀስ እያለ ነው። ሰው ዕቃውን ቆጥሮ፣ ሙታኑን ቆጥሮ ሲያበቃ ጥያቄ ጀመረ። የሸሸው የቀረውን ይጠረጥራል፤ የቀረው የሸሸውን ይታዘባል። ገበያ ላይ "አንቺ የት ነበርሽ?" መባል መጣ። ደሴ የነበረ ሰው "አገሬን ለማን ትቼ" ሲል ይሰማል። ቀርቶ የነበረው ደግሞ ምን እንዳየ አይናገርም፤ ማየት ራሱ ያስወቅሳል።

ከሁሉም የባሰው መጋዘን ገብተው በወጡት ልጆች ላይ ነበር። "ለምን እነሱ?" ይል ጀመር ሰው። የጡት ወንድሜ ባጃጁን ይዞ መናኸሪያው ላይ ሲቆም ሰዎች አልፈውት የኋለኛውን ይሳፈራሉ። "የተለቀቀው" ይሉታል፤ በስሙ የሚጠራው ጠፋ። አንድ ቀን የባጃጁን ሸራ በምላጭ ተተልትሎ አገኘው። እናቱ ይህን ስትነግረኝ "ምን አድርግ ነው የሚሉት? ሞቶ ይምጣላቸው?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ነው በጦርነቱ የደረሰብንን በአደባባይ እንድንናገር የቀበሌ አዳራሽ የተጠራነው። አባቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። አንድ የብረት በር የሚሠራ በያጅ ተነሣ። ልጁ መጋዘን ውስጥ ከቀሩት አንዱ ነው፤ ወሬው የለም። ሰውዬው አላለቀሰም፣ አልጮኸም። "እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ" አለ። "የወጡት በምን ወጡ? የኔ ልጅ በምን ቀረ?"

ከወጡት ልጆች ገሚሱ አገር ለቅቆ ነበር። እዚያ የነበሩትም አቀረቀሩ። የጡት ወንድሜ ቆመ። ሲቆም ሳየው እፎይ አልኩ። እውነቱን አሁን ይናገራል፣ አባቴን ያመሰግነዋል፣ ለዚያም ሐዘንተኛ አንድ የማጽናኛ ቃል ይጨምርለታል ብዬ ነበር።

"እኔን ማንም አላስፈታኝም" አለ። "በጓሮ አጥር ዘልዬ ነው ያመለጥኩት። አበጋሩ ግን ከአዛዣቸው ጋር ሲጨባበጥ፣ ሲመርቀውም በዓይኔ አይቻለሁ።"

አጥር ዘሎ ያመለጠ ሰው መጨባበጡን እንዴት ቆሞ እንዳየ የጠየቀ የለም። ሰው መስማት የፈለገውን ሰምቶ ነበር። ከኋላ አንዱ "ጠላት መረቀ" አለ፤ ቃሉ ከወንበር ወንበር ሲያልፍ ይሰማኛል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወለሉን አየች። ተነሥቼ ለመናገር አፌን ስከፍት "ልጁ ናት፤ ሌላ ምን ትላለች?" አሉና አስቀመጡኝ። አባቴ እጁን እጄ ላይ ጫነ።

ግቢ ገብተን መደቡ ላይ አረፍ ሲል "ምነው ዝም አልክ አባዬ? ወላሂ ብትላቸው፣ ብትምልላቸው እኮ ያምኑህ ነበር" አልኩት።

"ብምልላቸው እሱ ውሸታም ይሆናል" አለኝ።

"ውሸታም ነዋ።"

"እነሱ መሃል የሚኖረው እሱ ነው። እኔ ቀኔ አልቋል።"

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ የቅንጭቡ ክፍተት በእሾህ ተዘግቷል። የዘጋችው ጎረቤታችን ናት፤ ያ የማይታዘዝ ጉልበቷ እንዴት ተሸክሟት እሾሁን እንደቆረጠች አላውቅም። አዳራሹ ውስጥ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። የልጇ ቃል ወጋኝ፤ የእሷ እሾህ ግን የእናቴን ጡት የካደ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ አባቴን የሚጠራው ሰው ጠፋ። በውጫሌ በኩል ሁለት ቤተሰብ በድንበር ተጋጭቶ ሰው ሞተ ሲባል ሰማን፤ ሌሎች ሽማግሌዎች ሄዱ። በኋላ ነገሩ አልበርድ ሲላቸው አንድ የሟች ዘመድ ተደብቆ መጣና "አበጋሩ ይምጡልን" አለ። አባቴ ሲጠሩት እምቢ ሲል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። "ሁለቱም ወገን ሲያምነኝ ነው የምቆመው" አለው። "እኔን አሁን አንድ ወገን አስይዘውኛል። እኔ ያስታረቅሁት ደም ተመልሶ ይፈስሳል።"

ንዴቴ አልበርድ ሲል በያጁ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ምን ልለው እንደነበር ዛሬ አላውቀውም። መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንሥቶ አየኝ፤ የተቃጠለ ብረት ይሸታል። "አባቴ ልጆች አስፈታ፤ አንተ ስሙን አጠፋህ" አልኩት።

"አስፈታ" አለ። "እኔ አውቃለሁ። አጥር የዘለለ የለም።"

ደነገጥኩ። "ታዲያ?"

"ልጄ ከከተማው በዚያኛው ጫፍ ነው የሚኖረው። አባትሽ አያውቀውም። በየስማቸው ሲጠራቸው ልጄ እዚያው ውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር። 'አንተስ የማን ነህ?' ብሎ አንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?" መነጽሩን መልሶ ሊያጠልቅ ሲል እጁ ቆመ። "እኔ ደሴ ነበርኩ። ሱቁን ጠብቅ ብዬ ትቼው ነው የሄድኩት። ይህን ይዤ እንዴት ልደር? አባትሽን ስጠላው ትንሽ እተነፍሳለሁ።"

ይህን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ የወጡትን ነው የምናገረው፤ የቀሩት በእኔ ወሬ ውስጥ ስም የላቸውም። በእሱ ወሬ ደግሞ ከቀሩት በቀር ሰው የለም። ሁለታችንም ያው አንድ በር ፊት ቆመን የምናየው ለየቅል ነው። ከሱቁ ስወጣ ግን አዘንኩለት እንጂ ይቅር አላልኩትም። እውነቱን እያወቀ ነው አባቴን አሳልፎ የሰጠው።

ለአባቴ የሰማሁትን ስነግረው የበያጁን ልጅ ባለማወቁ አዘነ። በኋላ እንዲህ አለኝ፦ "ሰው ብቻውን ማልቀስ አይችልም፤ አብሮት የሚያለቅስ ይፈልጋል። አልቃሾቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁት 'ማንን ነው የምትጠላው?' ብለው ነው። የነሱን ጠላት ካልጠላህ ከድንኳኑ ያስወጡሃል።" አባቴ ይህን ሲናገር ምርር አላለውም። የመረረው እኔን ነው።

የጡት ወንድሜም ውሸቱ ብዙ አልጠቀመውም። ቃሉን የተቀበሉት ሰዎች ባጃጁን አልተሳፈሩም። አባቱን የካደ ሰው ማን ያምነዋል አሉ መሰለኝ። እናቱን እህቷ ዘንድ አስጠግቶ ወደ ውጫሌ ሄደ።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሞታ ለቅሶ ውጫሌ ሄድኩ። ገበያው ዳር መኪና ስጠብቅ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። እሱ ነው። ጉንጩ ገብቷል፤ ፀጉሩ ያለ ዕድሜው ሸብቷል።

"እታለሜ" አለኝ።

"እንዲህ አትበለኝ።"

ሞተሩን አጠፋ። ሄዶ ቢሆን ኖሮ አልጠይቀውም ነበር። ስላልሄደ ጠየቅሁት። "ለምን?"

"አባባ አስፈታኝ ብል 'ምን ከፍለህ? ማንን ጠቁመህ?' ይሉኛል። ለቀሩት ልጆች ደም ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው። አንቺ ባጃጄን ሲተለትሉት፣ እናቴን ገበያ ላይ ሲተፉባት አላየሽም።"

"አባቴን ሲተፉበትስ?"

አንገቱን ደፋ። "አባባ ይችለዋል ብዬ ነው" አለ። "የሁሉንም ሲችል ነው የኖረው። እኔ ግን አልችልም ነበር።"

ከዚህ በላይ የጎዳኝ ቃል ሰምቼ አላውቅም። የጠላው መስሎኝ ነበር። ባይወደው፣ ባይተማመንበት ኖሮ አይከዳውም ነበር። የማይጥለውን ሰው መርጦ ነው የጣለው። "መጥተህ ንገረዋ" አልኩት። "እዚያው አዳራሽ ገብተህ ተናገር።" አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ መጣችና የት እንደምትወርድ ነገረችው፤ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ዞር ብሎ ያየኝ መሰለኝ፤ እኔ ግን ቀድሜ ፊቴን አዙሬ ነበር።

ዛሬም ሰው ስለዚያ ጊዜ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያየው ማን እየሰማው እንደሆነ ነው። ሻይ ቤት ገብቼ ወሬው ሲቀየር አውቀዋለሁ። አዲስ ጭንቅ በመጣ ቁጥር የድሮውን ያነሡታል፤ ያኔ ማን የማን እንደነበር ለዛሬው ይፈለጋል። የአባቴ ስም ለአንዱ ወገን ማስረጃ፣ ለሌላው መሳደቢያ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ግን ከሁለቱም አልነበረም ብዬ ስናገር ሰዎች የሚያምኑኝ አይመስሉም፤ ልጁ ናት ይላሉ።

የዚያን ቀን ከውጫሌ ተመልሼ ስገባ አባቴ ግቢው ውስጥ መደቡ ላይ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ በእግሬ ኮቴ ነው የሚለየኝ። የለቅሶውን ነገር ነገርኩት፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ። ከዚያ ሳልፈልግ "አገኘሁት" አልኩ። ማንን ብሎ አልጠየቀኝም።

"ከሳ ወይስ ወፈረ?" አለኝ።

"ከስቷል። ሸብቷልም።"

ደስ ይለው እንደሁ ብዬ ነበር ያልኩት፤ ቢያንስ እኔን ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ግን ጋቢውን ወደ ራሱ ሰብስቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እራት ሳቀርብለትም አልበላም።